ፊደል የቆጠረ ሁሉ አነበበ ይባላልን?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ በኋላ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሎ የታተመ)

  

«ማንበብና መጻፍ ይችላሉ?» የሚለው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ሕዝብ ቆጣሪው ይጠይቀናል፣ ባንክ ቤት ሒሳብ ስንከፍት እንጠየቃለን፣ ፍርድ ቤት ቃል ስንሰጥም እንጠየቃለን። መልሱ «አዎ» ወይም «አልችልም» ነው፤ ጸሐፊው ምልክት አድርጎ ያልፋል። ይሁን እንጂ በደብረ ማርቆስ ወይም በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች ወደ አንድ ሙስሊም ቤት ጎራ ብንል መልሱ እንዲህ በአንድ ቃል አይገኝም። አያትየው ቁርኣንን ቀርተው ያኸተሙ ናቸው፤ ከቀበሌ ደብዳቤ ሲመጣ ግን የልጅ ልጃቸውን ይጠራሉ። አያቲቱ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የምስክር ወረቀት የተቀበሉ ናቸው፤ ዛሬ ከዚያ ትምህርት የቀረላቸው ስማቸውን መጻፍ ብቻ ነው። አባትየው ሱቁን በዱቤ መዝገብ ያስተዳድራል፤ ከዚያ ያለፈ ጽሑፍ ሲያይ ዓይኑ ይደክመዋል። የ10ኛ ክፍሏ ተማሪ ሁሉንም ትክክል አድርጋ ታነባለች፤ የውል ወረቀት አንብባ ስትጨርስ «ምን ይላል?» ቢሏት ግን መልሳ ያንኑ ታነባለች እንጂ አታብራራም። ታዲያ በዚህ ቤት ማንበብ የሚችለው ማን ነው?

የዓለም መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት፣ ዩኔስኮ፣ እ.ኤ.አ. በ1958 ማንበብና መጻፍ የሚችል ማለት ስለ ዕለት ኑሮው የተጻፈን አጭርና ቀላል ዓረፍተ ነገር ተረድቶ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ነው ብሎ ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1978፣ ይህ አልበቃ ብሎት ሰውየው በሚኖርበት ማኅበረሰብ ውስጥ ንባብ፣ ጽሕፈትና ስሌት የሚጠይቁ ሥራዎችን ለመሥራት መቻል አለበት የሚል ጨመረበት። በአገራችን በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ደግሞ ጠያቂዎቹ አንድ ቀላል ዓረፍተ ነገር የተጻፈበት ካርድ ያሳዩ ነበር። ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ ወይም በከፊል ያነበበ «ማንበብ ይችላል» ተባለ፤ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የተማረማ ካርዱም አልቀረበለትም፣ ይችላል ተብሎ ታለፈ። በዚህ መለኪያ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 42 በመቶ፣ ከወንዶች ደግሞ 69 በመቶ ማንበብ የሚችሉ ሆነው ተገኙ። ልብ በሉ፤ ይህ ከዓረፍተ ነገሩ ከፊሉን ብቻ ያነበበው ሁሉ ተቆጥሮ ነው። ግማሹ የተነበበ ውል ግን ካልተነበበው ይብሳል።

ወደ ኋላ ትንሽ እንመለስ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአገራችን ታሪክ ከታዩት ትላልቅ የትምህርት ሥራዎች አንዱ ነበር። ከአብዮቱ በፊት ማንበብና መጻፍ የማይችለው ሕዝብ ከመቶ ከ90 በላይ ነበር። ዘመቻው እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። የመንግሥቱ ዓላማ ምንም ይሁን ምን ስንት ገበሬና ስንት እመቤት የአሻራ ቀለም ትተው እስክሪብቶ የጨበጡት በዚያን ጊዜ ነውና ውለታውን መካድ አይገባም። ነገር ግን ሁለት ነገር ጎድሎት ነበር። አንደኛ፣ ብዙው ሰው የምስክር ወረቀቱን ከተቀበለ በኋላ የሚያነበው ነገር አላገኘም። ንባብ ደግሞ እንደ ቢላ ነው፤ ካልሳሉትና ካልቆረጡበት ይዝጋል። ሁለተኛው ጉዳይ እኛን ሙስሊሞችን በቀጥታ ይነካል። 15ቱም ቋንቋዎች የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ስለነበር ከልጅነቱ ጀምሮ የዐረብኛ ሐርፍ ያወቀ፣ ቁርኣንን ዳር እስከ ዳር የቀራ ሰው በዚያ ፈተና ዘንድ ቦታ አልነበረውም። ከመሃይም ተቆጠረ።

«መሃይም» ስለሚባለው ቃል አንድ ነገር ብንል አድማጮቻችን ይታገሡናል ብለን እናምናለን። ቃሉ ከግዕዙ «መሃይምን» የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ምእመን፣ ክህነት የሌለው ተራ አማኝ ማለት ነው። መነሻው ስድብ አልነበረም። ዛሬ ግን ሰው የሚዋረድበት ቃል ሆኗል፤ በአንዳንድ ቤት የተማሩ ልጆች ቁርኣን ላስቀሯቸው አያቶቻቸው ሳይቀር ሲናገሩት ይሰማል። ይህ ነውር ነው።

የጎጃም ደጋ የትምህርት አገር ነው። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ፣ መርጡለ ማርያም፣ ዋሸራ የሚባሉት ስሞች በቤተ ክህነት ትምህርት ዘንድ ከአገር አገር ይታወቃሉ። በጎረቤቶቻችን ዘንድ ለብዙ ዘመን ማንበብ የሚችል ማለት ፊደል ቆጥሮ ዳዊት የደገመ ማለት ነበር። በእኛም በኩል ልጅ ወደ ቁርኣን ቤት ሄዶ በእንጨት ሉህ ላይ በጥላሸት ቀለም የተጻፈለትን ሐርፍ ይለያል፣ ቀጥሎ ያገጣጥማል፣ ከዚያ ቁርኣን ይቀራል። ሁለቱን ትምህርት ቤቶች ጎን ለጎን ላየ ሰው መመሳሰላቸው ያስደንቃል። በየኔታ ዘንድ ያለው ልጅ ዳዊትን የሚደግመው በማያውቀው ግዕዝ ነው፤ በሸኹ ዘንድ ያለው ደረሳ የሚቀራው በማያውቀው ዐረብኛ ነው። በሁለቱም ዘንድ ይህ የመጀመሪያው በር ብቻ እንደሆነ መምህራኑ ያውቃሉ። ከዚያ ወዲያ በአንዱ በኩል ቅኔና ትርጓሜ፣ በሌላው በኩል ፊቅህ፣ ነሕውና ተፍሲር አለ። ችግሩ አብዛኛው ልጅ ከበሩ ላይ መመለሱ ነው።

ደግሞም ፊደልና ዳዊት አብረው የሚሰጡ ስለነበሩ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሳይስፋፋ በፊት ሙስሊም አባት ልጁን ለየኔታ ለመስጠት ይፈራ ነበር። ስለዚህ በብዙ ሙስሊም ቤት ፊደል የባዕድ ነገር ሆኖ ቆየ። ቋንቋው አማርኛ፣ የሚያነቡት ፊደል ዐረብኛ ሆነ። ለዚህ መፍትሔ የፈለጉ ዓሊሞች ነበሩ፤ የወሎው ሸኽ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር መንዙማቸውን በአማርኛ ሲያዘጋጁ የጻፉት በዐረብኛ ሐርፍ ነበር። ዐጀሚ የሚባለው ጽሕፈት ይህ ነው። ዐጀሚን የሚያነብ ሰው የራሱን ቋንቋ በራሱ ፊደል የሚያነብ ነውና ማንም «አልተማረም» ሊለው አይችልም። ግን ዐጀሚ ፍርድ ቤት አይገባም፤ የመሬት ደብተርም በዐጀሚ አይጻፍም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዑሚይ፣ ማለትም ማንበብና መጻፍ ያልተማሩ ነበሩ፤ ታዲያ አለመማር ነውር አይደለም ማለት ነውን? በእርግጥ ነውር አይደለም። ዑሚይነታቸው ቁርኣን ከሰው እጅ ያልወጣ መሆኑን የሚያስረዳ ተዓምር ነው። ነገር ግን እርሳቸው በሌሎች ላይ ይህን አልፈረዱም። በሒራ ዋሻ የወረደላቸው የመጀመሪያው ትእዛዝ የማንበብ ትእዛዝ ነበር። ከበድር ዘመቻ በኋላ የሚከፍሉት ገንዘብ ያልነበራቸው የመካ ምርኮኞች እያንዳንዳቸው 10 የመዲና ልጆችን ጽሕፈት አስተምረው ነፃ እንዲወጡ መደረጉን የሲራ መጻሕፍት ያወሳሉ። መምህራኑ ሙሽሪኮች፣ ያውም ጠላቶች እንደነበሩ አንርሳ። ፊደልን ከየኔታ መማር ያስፈሯቸው የነበሩ አባቶቻችን ይህን ቢያስታውሱ ኖሮ ብዙ ነገር በተለየ ነበር።

ከዚህም የሚልቅ የሚመስለን የዘይድ ቢን ሣቢት (ረ.ዐ.) ታሪክ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማር አዘዙት፤ በግማሽ ወር ገደማ ተማረው። ምክንያቱ ደብዳቤያቸውን የሚጽፉላቸውንና የሚያነቡላቸውን ሰዎች በዚህ ነገር ስላላመኗቸው ነበር። በሑደይቢያ የሰላም ውል ሲጻፍም ቁረይሾች «የአላህ መልእክተኛ» የሚለው ቃል ይሰረዝ ብለው ሲከራከሩ ጸሐፊው ዐሊይ (ረ.ዐ.) ለመሰረዝ እጃቸው እምቢ አላቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቃሉ ያለበትን ቦታ አሳየኝ ብለው በገዛ እጃቸው አጠፉት። ያልተማሩት ነቢይ በወረቀቱ ላይ የቱ ቃል የት እንዳለ፣ ማን እንደጻፈው፣ የቱ ቀርቶ የቱ እንደጸና ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ስንት ዲፕሎማ ያለው ሰው ሳያነብ በሚፈርምበት በዚህ ዘመን ይህን ማሰብ ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ስለ ሰላት ወይም ስለ ጾም አይደለም፤ ስለ ዕዳ ጽሕፈት ነው። በሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ ላይ ይገኛል። መልእክቱን በራሳችን አነጋገር ብናጠቃልለው፣ እስከ ተወሰነ ጊዜ የሚቆይ ዕዳ ይጻፍ፤ ጸሐፊው በፍትሕ ይጻፍ፤ መጻፍን ያስተማረው አላህ ነውና ሲጠየቅ አልጽፍም አይበል፤ ትንሽም ይሁን ትልቅ ለመጻፍ አትሰልቹ፤ ምስክሮች ይኑሩ፤ ጸሐፊውም ምስክሩም አይጎዱ የሚል ነው። በዚህ መካከል ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ቃሉን እየነገረ የሚያስጽፈው ማን ነው? አበዳሪው አይደለም። ዕዳው ያለበት ሰው ነው። እርሱ አቅመ ደካማ ከሆነ ወይም ማስጻፍ ካልቻለ ጠባቂው በፍትሕ ያስጽፍለት ተባለ።

ይህ ለምን ሆነ? ወረቀቱ ነገ የሚቀርበው በተበዳሪው ላይ ነውና ቃሉ ከእርሱ አፍ መውጣት አለበት። እጁ ባይጽፍም ወረቀቱ የእርሱ ነው። እኛ ዘንድ የሚደረገው ግን ብዙ ጊዜ ተገላቢጦሽ ነው። ጉልበት ያለው ወገን ወረቀቱን አስጽፎ ይመጣል፤ ሌላው የአውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያሳርፋል። ፍርድ ቤት ደጅ የሚቀመጠውም ራፖር ጸሐፊ የሚጽፈው ለከፈለው ነው። እንግዲህ በእኛ አስተያየት ማንበብ መቻል ማለት ይህ ነው፦ የሚመለከተኝን ወረቀት ምን እንደሚል ማወቅ፣ ያልገባኝን መጠየቅ፣ የራሴንም ቃል በወረቀቱ ላይ ማስፈር። ፊደል የዚህ መሣሪያ ነው፤ ፊደሉ ብቻውን ግን ይህን አያደርግም።

ይህ ነገር በጎጃም ለምን ይከብዳል? የድሮ ሙስሊም ቤተሰቦች እንደሌላው የሰሜን ደጋ ርስት የመያዝ መብት በአብዛኛው ተነፍጓቸው በንግድና በሽመና የኖሩ ናቸው። ከአባይ ማዶ የሚመጣው ሸቀጥ በሚራገፍበት በባሶ ገበያ፣ ዛሬ የጁቤ በሚባለው አካባቢ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስመ ጥር የነበሩት ነጋዴዎች ሙስሊሞች ነበሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ገጠር ያለው ሙስሊም መሬት የመያዝ መብት አገኘ። በመጨረሻም መሬቱ ወረቀት መጣለት። በአማራ ክልል የይዞታ ምዝገባ በሙከራ ደረጃ ከተጀመረባቸው ሁለት ቀበሌዎች አንዱ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ከደብረ ማርቆስ አጠገብ በጎዛምን ወረዳ የሚገኘው አዲስና ጉሊት ነበር። ከዚያ በኋላ በክልሉ በየገበሬው ቤት የይዞታ ደብተር ገባ። ደብተሩ የባልና የሚስትን ስም ከነፎቶግራፋቸው ይይዛል፤ የመሬቱን ስፋትና አዋሳኞችም ይናገራል። አያቷ ርስት ተከልክሎ ለነበረ ሴት ስሟ የተጻፈበት ደብተር መያዝ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ግን ደብተሩ በሣጥን ተቆልፎ፣ ምን እንደሚል ሳይታወቅ ከተቀመጠ፣ ባሏ የሞተባት ወይም ጉልበት የሌላት እናት መሬቷን በኮንትራት ስትሰጥ ቁጥሩን የሚያነብላት ሌላ ሰው ነው። 3 ዓመት ተባለ ወይስ 13? በቃል የተነገራት አንድ፣ በወረቀቱ ያለው ሌላ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ስለ ፊደላችን አንድ ጠባይ ብናነሳ ጠቃሚ ነው። ቁርኣን በሐረካ የተጻፈ ስለሆነ የሚጠብቀው ድምፅ ሻዳ ይደረግበታል፤ ስለዚህ ትርጉሙን የማያውቅ ሰውም አጥርቶ ሊቀራው ይችላል። አማርኛ ግን ሻዳ የለውም። «ገና» ብለን ስንጽፍ ላልቶ ይነበብ ወይም ጠብቆ ይነበብ፣ የበዓሉ ስም ይሁን «ገና አልመጣም» የምንለው፣ ፊደሉ አይነግረንም። «ቀሪ ገንዘብ በመስከረም ይሰጣል» የሚል ውል አስቡ። «ይሰጣል» ላልቶ ሲነበብ የሚሰጥ አንድ ሰው አለ፤ ጠብቆ ሲነበብ ግን ገንዘቡ መሰጠቱ እንጂ ማን እንደሚሰጠው አልተነገረም። አንዲት ነጥብ ሳይለወጥ ውሉ ሁለት ይሆናል። ስለዚህ አማርኛን በትክክል ለማንበብ አስቀድሞ መረዳት ግድ ነው፤ ፊደሉን መጥራትና መረዳት በአማርኛ አይለያዩም። ውል ሲጻፍ «ማን፣ ለማን፣ ስንት፣ መቼ» በግልጽ በስም ይጻፍ የምንለው ለዚህ ነው። ቁጥሩም በአኃዝ ብቻ ሳይሆን በፊደል ጭምር ይጻፍ።

ቁርኣን የቀሩ እናቶችና አባቶች ፊደልን ለመማር «እኛማ ጊዜው አልፎብናል» ይላሉ። እኛ ይህን አንቀበልም። እንዲያውም ከማንም ይልቅ የቀረቡት እነርሱ ናቸው። ዐረብኛ 28 ሐርፍ አለው፤ ፊደል 33 ናቸው፣ በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ቁጥሩ ያስፈራል። ነገር ግን 231ዱን አንድ በአንድ ማጥናት አያስፈልግም። በቁርኣን ቤት ሐርፍ በፈትሓ፣ በከስራ፣ በዶማና በሱኩን ይለዋወጣል አይደል? ፊደልም እንዲሁ ነው። «ቡ» ዶማ ያለበት ባ ነው፤ «ቢ» ከስራ ያለበት፤ «ባ» ፈትሓ ከአሊፍ ጋር፤ «ብ» ሱኩን ያለበት፤ «በ» ደግሞ ለፈትሓ ይቀርባል። አዲስ የሚሆኑባቸው «ቤ» እና «ቦ» ብቻ ናቸው። ሐረካው በአማርኛ ከላይና ከታች መቀመጡ ቀርቶ ከፊደሉ አካል ጋር ተጣብቋል። ሌላው ልዩነት አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ መሄዱ ነው፤ እርሱንም ዓይን በጥቂት ቀን ይለምደዋል። የሚያስተምር ልጅ ይህን መንገድ ቢከተል አያቱን «ሀ ሁ» እያለ እንደ ሕፃን ከማስቆጠር ያርፋል፤ እርሳቸውም አይዋረዱም።

ሴቶችን በሚመለከት የሺፋእ ቢንት ዐብዲላህን (ረ.ዐ.) ስም ማንሳት ይበቃል። ጽሕፈት የሚያውቁ ሶሓቢያ ነበሩ፤ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ባለቤት ሐፍሷን (ረ.ዐ.) ጽሕፈት አስተምረዋል። ሴት ልጅ ብትማር ምን ይሠራላታል የሚል ሰው ከዚህ ወዲያ የሚያቀርበው ማስረጃ ያለው አይመስለንም።

ትርጉሙስ? በ1961 ዓ.ም. በሸኽ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና በሐጂ ሙሐመድ ሣኒ ሐቢብ የተዘጋጀው የቁርኣን የአማርኛ ትርጉም ከታተመ ወዲህ ፊደል የሚያነብ ሙስሊም ሁሉ ወደ መልእክቱ የሚገባበት በር ተከፍቶለታል። በብዙ ቤት ትርጉሙ መደርደሪያ ላይ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። በዚያው ቤት አያት በሚያምር ድምፅ ይቀራሉ፣ የልጅ ልጅ አማርኛ ታነባለች፤ አንዱ የሌላውን ንባብ አይሰማም። ከመግሪብ እስከ ዒሻ ባለው ጊዜ አያት አንድ ገጽ ቢቀሩ፣ ልጅቱ የዚያኑ ገጽ ትርጉም ብታነብ፣ ያልገባቸውንም ጽፈው ለመስጂዱ ኢማም ቢያቀርቡ ወጪ የለውም። ልጅቱ ከአያቷ ተጅዊድ ትማራለች፤ አያትም ከልጅቱ ፊደል። ትርጉሙ በእጅ ከሌለ በሱቁ የዱቤ መዝገብ፣ በመድኃኒት ወረቀት፣ በመብራት ሒሳብ ደረሰኝ፣ በይዞታ ደብተሩም መጀመር ይቻላል። ደብተሩን ከሣጥኑ አውጥታችሁ ልጅ ታንብበው፤ የተነበበላቸው ሰው ደግሞ በራሳቸው ቃል መልሰው ይናገሩት፤ አዋሳኙን፣ ስፋቱን፣ የባልና የሚስቱን ስም። መልሰው ከተናገሩት ተነቧል፤ ካልተናገሩት ገና አልተነበበም።

ደብዳቤ ወይም ውል ሲመጣም እንዲሁ ይደረግ። የሚጠቀመው ወገን ያመጣው ሰው ብቻ እንዲያነብላችሁ አትተዉ፤ ሁለተኛ ሰው ያንብበው። አሻራ የምታሳርፉ ከሆነ «እስቲ መጀመሪያ የተጻፈውን እኔ ልንገራችሁ» በሉ፤ ከዚያ ጣታችሁን ዘርጉ። ይህን በማለታችሁ የሚቆጣ ሰው ካለ ወረቀቱን በዚያን ቀን አለመፈረም ይሻላል።

ባልና ሚስት ወይም ወራሾች ሲከራከሩ ጉዳያቸው በሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚታየው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ መሆኑን የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ይደነግጋል፤ ይህ ፈቃድ የሚሰጥበት ወረቀት አለ። ምን እንደሚል፣ ከመፈረም በፊትም ምን መጠየቅ እንደሚገባ በሚቀጥለው ዝግጅታችን በአላህ ፈቃድ ይዘን እንቀርባለን። እስከዚያው ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።